ያቀረቀረችው ግመል

ቅዳሜ ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ድሬዳዋ ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ የሚገባበት ሰዓት። እኔ ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ፣ ቬንትሌተሩን ወደ እግሬ አዙሬ፣ ስልኬን እነካካለሁ። ወንድሜ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መሰላሉን ትከሻው ላይ አድርጎታል።

“ግመሏ ጋ ልሄድ ነው። መሰላሉን ትይዝልኛለህ?” አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ከሌላ ቦታ ልጀምረው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ከልጅነታችን፣ ከአባታችን፣ ከምንኖርበት ሰፈር፣ ከለገሀሬ። አልሆነልኝም። ከየት ብነሳ ወደዚያ በር ይመልሰኛል። ስለዚህ ከበሩ ጀመርኩ። ግን ግመሏ ማን እንደሆነች ካልተናገርኩ ሌላው አይገባም።

እኔና ወንድሜ ግድግዳና የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንሠራ ነበር። እሱ ሥዕሉን፣ እኔ ጽሕፈቱን። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ውጤት ሳላመጣ ስቀር ቤት ተኝቼ ከረምኩ። ከሰው ጋር መነጋገርም አስጠላኝ። አንድ ቀን ብሩሽ እጄ ላይ አስቀመጠና ጓሮ ባለው አሮጌ በር ላይ የፈለግኩትን እንድጽፍ አዘዘኝ። ምን እንደጻፍኩ ረስቼዋለሁ። እሱ ግን ጠጋ ብሎ አየውና፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም፣ የኔ ይንቀጠቀጣል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ፊደል የኔ ሆነ። አማርኛውንም፣ በላቲን የሚጻፉትን ኦሮምኛና ሶማሊኛውንም እኔ እጽፋለሁ። እዚህ ከተማ ሦስቱንም ያልያዘ ሰሌዳ ግማሹ ሰው ሳያነበው ያልፈዋል።

አሁን ባነር በማሽን ስለሚታተም ሥራችን ቀንሶ ነበር። ቢሆንም የድሬ ፀሐይ ባነር አይወድም። ጥቂት ወር ቆይቶ ቀዩ ሮዝ ይሆናል፣ ሮዙ ነጭ ይሆናል። ያኔ ባለሱቁ ተመልሶ እኛን ይፈልጋል።

የምንሠራበት ደንብ ነበረን። ፊደል ይቀድማል። ጽሕፈት ቀጥ ያለ መስመርና ንጹሕ ግድግዳ ይፈልጋል፤ አሠሪውም መጀመሪያ የሚፈልገው ጽሕፈቱን ነው። ሥዕሉ በተረፈው ቦታ ይገባል። ሌላው ደንብ የመሰላሉ ነው። መሰላላችን አባታችን ከምድር ባቡር ጡረታ ሲወጣ ይዞት የመጣ የእንጨት መሰላል ነው፤ አንድ እግሩ አጠር ይላል። ስለዚህ አንዳችን ስንወጣ ሌላችን የታችኛውን መርገጫ ረግጠን፣ በሁለት እጃችን ይዘን እንቆማለን። እኔ ስጽፍ እሱ ይቆማል። እሱ ሲሥል እኔ እቆማለሁ።

ግመሏን ያሠራችን የግመል ወተት የምትሸጥ ሴት ናት። ሱቋ መጋላ ሰፈር ነው፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ፊት ለፊት። ወተቱ ማለዳ ከጀልዴሳ በኩል በመኪና ይመጣላታል። ኤዶ እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። የሱቋን የጎን ግድግዳ በኖራ አስቀብታ ጠራችንና ትልቅ ግመል እንድንሠራላት ነገረችን። ደግሞ ወፍራም ትሁን አለች። ከሲታ ግመል ያየ ሰው ወተቱን ውኃ ነው ይላል።

ያን ቀን ምን እንደያዘኝ አላውቅም። አውቃለሁ፣ ግን መጻፉ ያሳፍረኛል። ሰው ሁሉ የወንድሜን ሥዕል ሲያደንቅ እሰማ ነበር፤ ጽሕፈቱን ማን እንደጻፈው የጠየቀ ሰው ግን አልገጠመኝም። ስለዚህ ከአሸዋው ማዶ የቆመ ሰው እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት። ሦስቱን ቋንቋ በሦስት መስመር ደረደርኩ፤ አማርኛው ከታች መጣ። “የግመል ወተት” ብዬ ስጨርስ የግድግዳው ግማሽ አልቋል። በዚያ ላይ የመጨረሻዋን “ት” እግሯን አርዝሜ ወደ ታች ጠመዘዝኳት። እሷ ላይ ብቻ ብዙ ቆየሁ። ወንድሜ ከታች መሰላሉን ይዞ ቀና ብሎ ያየኛል። ቦታውን እየበላሁበት እንደሆነ ያያል። እኔም ማየቱን አይቻለሁ። መጻፌን ቀጠልኩ።

ስወርድ ራቅ ብሎ ቆመና ግድግዳውን ተመለከተ።

“ቆንጆ ጽሕፈት ነው” አለ። ቆየት ብሎ፣ “ግመል ግን አንገት አላት።”

“አሳጥራት” አልኩት።

“ፍየል ትሆናለች።”

ሳቅን። እኔ ይበልጥ ሳቅሁ፤ ነገሩ በሳቅ እንዲያልፍ ስለፈለግሁ። አጥፋው ቢለኝ አጠፋው ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ምናልባት እቆጣ ነበር። እሱም ያንን ሳያውቅ አይቀርም። ብሩሹን አነሳና ግመሏን አሳቀረቀራት። አካሏ ወፍራም፣ ሻኛዋ ሙሉ፣ እግሯ ያማረ ነው፤ አንገቷ ግን ልክ ከኔ “ት” ሥር ሲደርስ ታጥፎ ወደ መሬት ይወርዳል።

ኤዶ ወጥታ አየችና በሳቅ ፈረሰች። ወላሂ ይቺ ግመል ቀለበት ጠፍቶባታል አለች። ባጃጅ ውስጥ የተቀመጡት ሰምተው ተቀበሏት። አንዱ ባሏ ፈቷት ነው ይላል፣ ሌላው የለም ኔትወርክ ጠፍቶባት ነው ይላል። ሳይቆይ ለቦታው ስም ወጣለት። ኤዶን የማያውቅ ሰው እንኳ ባጃጅ ሲይዝ “ያቀረቀረችው ግመል ጋ አውርደኝ” ይል ጀመር። ኤዶ ደስ አላት። ቀጥ ብላ ብትቆም ኖሮ ማን ያውቃት ነበር፣ እንዳትነኳት አለችን።

ወንድሜ ግን መተው አልቻለም።

በጠቅላላው የሠራውን ነገር መተው አይችልም ነበር። ሥራው ካለቀና ከተከፈለው በኋላ ተመልሶ ይሄዳል። ከዚራ ሰፈር ባለ ጭማቂ ቤት ላይ የሣለው ማንጎ አለ። እዚያ ስንሄድ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ለማንጎው አድርጎ ይቀመጣል። ጭማቂው ሳያልቅ ከቦርሳው ትንሽ ብሩሽ ያወጣና ወንበር ላይ ይወጣል። ባለቤቱ “ሐኪሙ መጣ፣ ዛሬ ደግሞ ምኗን አሟታል?” ይለዋል። ፀጉር ቤት ላይ የሣለውን ወጣት፣ ምግብ ቤት ላይ የሣለውን በግ፣ ሁሉንም እየዞረ ያክማቸዋል። እኔ ከጎኑ ቆሜ አፍራለሁ። ፊደል ጽፌ ከወረድኩ በኋላ ዞሬ አላየውም ነበር።

ግመሏን ግን ከሁሉም ይበልጥ ተመላለሰባት። አንድ ቀን ከአፏ ሥር ሣር ሣለላት፣ እንድትግጥ። ሌላ ቀን ሣሩን አጥፍቶ የውኃ ገንዳ አደረገ። ገንዳውንም አጠፋው። ዓይኗን ከፍ አደረገ፣ ቅንድቧን አቀናው። የባሰ አዘነች። ኤዶም በመጨረሻ ሰለቻት መሰለኝ፣ ወይም አዘነችለት፤ የፈለግኸውን አድርግ፣ ከዚያ በኋላ ግን አርፈህ ወተትህን ጠጣ አለችው።

አንድ ጊዜ ከቀፊራ ገበያ ቀለም ገዝተን ስንመለስ በግልጽ ጠየቅሁት። የሸጥከውን ነገር ለምን ትከታተለዋለህ አልኩት። ጥቂት ከሄድን በኋላ እንዲህ አለኝ፦

“ያንተን ሰው አንብቦ ወደ ሱቁ ይገባል፤ አለቀ። የኔን ቆሞ ያየዋል። የሚስቅ ሲስቅ እኔ እዚያው ነኝ። ቤት ተኝቼም እዚያው ነኝ።”

ስለ “ት” ምንም አላለም። እኔ ግን እስኪናገር እጠብቅ ነበር። ተናግሮኝ፣ እኔም ተቆጥቼ፣ ተጣልተን እንዲያልቅ እፈልግ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም። ይህ ዝምታው ያናድደኝ ጀመር። የግመሏን ስም ሲጠራ ሁሉ እኔን የሚወቅስ ይመስለኛል፤ እሱ እኮ ስለ ግመሏ ብቻ ነበር የሚያወራው።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ በሩ ላይ ቆሞ መሰላሉን ያዝልኝ ሲለኝ ይህ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነበር።

“አቦ ተወው” አልኩት። ከስልኬ ዓይኔን አላነሳሁም። “ግድግዳው የኤዶ ነው። ሰው ወዶታል። አንተ ጨርሰሃል።”

“ለሷ ጨርሻለሁ። ዛሬ ግመሏን ቀና ላደርጋት ነው፤ ኤዶ እሺ ብላኛለች።”

“በዚህ ፀሐይ?”

“ግድግዳው አሁን ጥላ ነው።”

ሌላ ቀን አልኩት። ለሌላ ቀን የሚሆን ምክንያት አልነበረኝም። መነሳት ስላልፈለግሁ ብቻ ነው። እሱም አልለመነኝም። የመሰላሉን ሚዛን ትከሻው ላይ አስተካከለና፣

“እሺ፣ ከሰሉን የት አደረግከው?” አለኝ።

የምንነድፍበትን ከሰል ማለቱ ነው። በእግሬ አልጋው ሥር አመለከትኩት። መሰላሉን አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከሰሉን አወጣ፤ እፍ ብሎ አቧራውን አራገፈና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። መሰላሉ ሲወጣ የበሩን መቃን ፋቀው። ከዚያ በኋላ ቬንትሌተሩን ብቻ ነው የምሰማው። ደስ ብሎኝ ነበር። እሱን እምቢ በማለቴ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

ፀሐይዋ ሳትገባ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የባጃጅ ሾፌር ነው። ወንድምህ ከመሰላል ወድቋል፣ ወደ ሆስፒታል እየወሰድነው ነው አለ። እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። ነጠላ ጫማዬ ግራና ቀኙ የአንድ ሰው አልነበረም፤ አንዱ የሱ ነው። ስደርስ ሸፍነውታል። ጭንቅላቱ ከግድግዳው ሥር ያለውን የቦይ ጠርዝ መትቶ ነው አሉኝ፣ መንገድ ላይ ነው ያለፈው። ሸሚዙን ሰጡኝ። ኪሱ ጥቁር ሆኗል። ከሰሉ ውስጡ የለም።

ቤታችን በሰው ተሞላ። ቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተባለ። ሰዎች እየመጡ ያቅፉኛል። አንተ ምን ታደርግ ነበር ይሉኛል። ቀኑ ደርሶ ነው፣ አጠገቡም ብትሆን አታስቀረውም ይሉኛል። ጎረቤቶቻችን ክርስቲያኑም እስላሙም ይህንኑ ነው የሚሉኝ፣ በየራሳቸው አባባል። እናቴ ብቻ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። ድምፅዋ በልቅሶ አልቆ ስለነበር ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋት።

“አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ?”

“አልነበርንም” አልኳት።

ለምን አላለችኝም። አለቀሰች፣ ራሴን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፀጉሬን ዳሰሰችኝ። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር። ያኔ የቬንትሌተሩን ነገር እነግራት ነበር። ወይም እዋሻት ነበር፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ሰዎች መንገዱ ላይ ድንኳን ይተክላሉ። ላግዛቸው ስል አንዱ ሽማግሌ ገመዱን ከእጄ ወሰዱና፣ አንተ ሐዘንተኛ ነህ፣ ሂድ ጎንህን አሳርፍ አሉኝ። ወደ ቤት ገባሁ። የሥራ ቦርሳችን ጥግ ላይ ነበር። ቀለም የምንፍቅበትን ስፓቱላ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ምን ላደርግ እንደሆነ ገና አላወቅሁም ነበር። ግመሏን ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። ያቀረቀረውን የግመሏን ጭንቅላት ደምስሶ ነው ወይስ ሳይደመስስ ነው የወደቀው የሚለው ሌሊቱን ሙሉ ከሐሳቤ አልወጣልኝም ነበር። ይህን ማሰብ ነውር ነው። ወንድሜ ተገንዞ ተኝቷል፣ እኔ ስለ ሥዕል አስባለሁ።

በከዚራ በኩል ሄድኩ። ጭማቂ ቤቱ አልተከፈተም። ማንጎው ከተዘጋው በር በላይ እንደ ትናንቱ ይበራል። የፀጉር ቤቱ ወጣት ይስቃል። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም፤ ግን አንድ ነገር ሆነው የማገኛቸው መስሎኝ ነበር። ምንም አልሆኑም። ከእንግዲህ የሚያክማቸው የለም፤ ፀሐይ እስኪጨርሳቸው እንዲሁ ይቆያሉ። የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ወደ መጋላ ወረድኩ።

የኤዶ ሱቅ ግማሹ ተዘግቷል። መሰላላችን ከግድግዳው ጋር ተጋድሞ ተቀምጧል። ቦዩ ጠርዝ ላይ አሸዋ ተበትኗል፤ አላየሁትም፣ ማለቴ አልፌው ሄድኩ።

ግመሏን ቀና ብዬ አየሁ። ያቀረቀረው ራስ የለም፣ በኖራ አጥፍቶታል። በቦታው አዲስ አንገት በከሰል ነድፏል። መስመሩ ከትከሻዋ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ያማረ መስመር ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ላይ ወጥቶ የኔ “ት” እግር ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። “ት” ላይ የከሰል ነጥብ እንኳ የለም። ጽሕፈቴን አልነካም። መስመሩ እዚያ ታጥፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ በ“ት” ጎን ዞሮ፣ በጠባቧ ቦታ እየተሽለከለከ፣ ወደ ግድግዳው ጥግ። አገጯን ጀምሮታል። ከአገጯ ቀጥሎ ከሰሉ ረጅም ሆኖ ወደ ታች ተጭሯል። እሱ መስመር ግመል አይደለም።

መሰላሉ የቆመበት ቦታ መሬቱ ላይ ይታያል፤ የእግሮቹ ጉድጓድ አለ። ከዚያ እስከ ጥጉ ለካሁት፣ በዓይኔ። ክንዱን ሙሉ ዘርግቶ፣ ወገቡንም አውጥቶ ካልሆነ አይደርስም። ቀጥታ ወደ ላይ ቢሥል ኖሮ ጽሕፈቴን ማበላሸት ነበረበት፤ ከመሰላሉ ግን መውጣት አያስፈልገውም ነበር።

ኤዶ ከሱቁ ወጣች። ማታ ልቅሶ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣ አይቻት ነበር፤ አልተነጋገርንም። አሁን ከጎኔ መጥታ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

“እኔ ነበርኩ የያዝኩለት” አለች። “ቆሜ ይዤው ነበር፣ ወላሂ። ሰው መጣ፣ ወተት ስጪኝ አለኝ። ወንድምህ፣ ግቢ ኤዶ፣ እኔ አልንቀሳቀስም አለኝ። ገባሁ።”

ልክ እኔ ከሰዎች የሰማሁትን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አንቺ ምን ታደርጊ ነበር ልላት። ተውኩት። ማንም ሲለኝ እንዳላመንኩት አስታወስኩ። ስፓቱላውን ከኪሴ አወጣሁና መሰላሉን አነሳሁ።

“ምን ልትሆን ነው? ዛሬ ቀብር ነው” አለችኝ።

“ጽሕፈቱ ቦታ ይዞበታል” አልኳት።

“ት”ን አየች፣ የከሰሉን መስመር አየች። መሰላሉን ጉድጓዶቹ ላይ አቆምኩት። የታችኛውን መርገጫ በእግሯ ረገጠች፣ ሁለቱን ቋሚዎች ያዘች። ወጣሁ።

ከ“ት” ጀመርኩ። ቀለሙ ጥሩ ነበር፣ ማቅጠኛ ተነር አላበዛንበትም ነበር፤ ከባድ ሆነብኝ። እየተፋቀ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል፣ ቀይና ነጭ ሆኖ፣ የኤዶ ሻሽ ላይ ያርፋል። አላራገፈችውም። ወደ ላይ ስደርስ አንድ የባጃጅ ሾፌር ቆም አለና ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቃት። በሶማሊኛ አንድ ነገር አለችው። ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ በሌላኛው በኩል መጥቶ መሰላሉን ያዘ። “ወተት”ን ጨረስኩ። “የግመል”ን ፋቅሁ። ከዚያ ከላይ ያሉትን ሁለቱን መስመሮች፣ መሰላሉን ሁለት ጊዜ አዛውረውልኝ።

የከሰሉን መስመር አልነካሁትም። ልቀጥለውም አልሞከርኩም። የኔ እጅ ሥዕል አያውቅም። ከመስመሩ በላይ ያለው ግድግዳ ግን አሁን ባዶ ነው፣ አንገት ለምትፈልግ ግመል የሚበቃ። ስወርድ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ደርሳ ነበር። የመጨረሻውን መርገጫ ለቅቄ መሬት እስክረግጥ ድረስ ኤዶ እጇን አላነሳችም።